ዓሣ የምትሞሽረው አክስቴ

የልጅ ልጄ ሚትሊ ልታገባ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «ታኩማ፣ አያቴ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ የሚመጡት ከየአገሩ ነው። ምን እንደሚለበስ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደማይደረግ በአጭሩ ጻፊልኝ» አለችኝ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ቢሆንም እንዲህ ያለ ወረቀት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጽፌ አውቃለሁ፤ እጁ የኔ ነበር፣ ቃሉ የሌላ ሰው። አሁን እስክሪብቶ ይዤ ብቀመጥ ወረቀቱ ቀርቶ ያጻፈችኝ ሰው መጣችብኝ። ሚትሊ ሌላ ሰው ትጠይቅ።

ኒስታሪኒ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኛ የአባትን እህት ፒሺ እንላለን፤ ሰፈሩ ሁሉ ፒሺ ይላት ስለነበር የማን እህት እንደሆነች የማያውቅ ብዙ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቷ ተዳረች፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ባሏን ኮሌራ ወሰደው። መልኩ ምን ይመስል ነበር ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «እግሩን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ቀና ብሎ ባልን ማየት ነውር ስለነበር ነው። አማቷ «ልጄን በላችው» ብላ ወደ ካትዋ፣ ወደ አባቷ ቤት መለሰቻት። ከዚያ ወዲያ ጥለት የሌለው ነጭ ሳሪ፣ በቀን አንድ ጊዜ ሩዝ፣ ሽንኩርት የለም፣ ዓሣ የለም፣ ጨረቃ በወጣች በአሥራ አንደኛው ቀን ደግሞ ውኃም የለም። ለቤንጋል ሰው ዓሣ የለም ማለት ለዓሣው ውኃ የለም እንደማለት ነው።

እናቴ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር። ፒሺ አሳደገችኝ። «ቡሪ» ትለኝ ነበር፤ አሮጊት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ትንሽ ልጅ በፍቅር አሮጊት ትባላለች። አሁን በእውነት አሮጊት ስሆን እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ።

ፒሺ ሙያዋ ሰርግ ነበር። ማን እንዳስተማራት እንጃ። ከጋንጋ ወንዝ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ ጠዋት የሚልከው ወደ እሷ ነው። በሩዝ ሊጥ መሬቱ ላይ የምትስለውን የአበባና የዓሣ ስዕል ሰው ረግጦት እንዳያልፍ ዘሎ ያልፈው ነበር። ሙሽሪት የምትቀባው እርድ ምን ያህል ይቅጠን፣ ሐሩ በየት ይታጠፍ፣ የትኛዋ አክስት ከየትኛዋ አክስት ጎን ብትቀመጥ ጠብ ይነሳል፣ ሁሉን ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ግን ዓሣ ታለብሳለች። የሙሽራው ቤት ወደ ሙሽሪት ቤት ከእርዱ ጋር አንድ ትልቅ ዓሣ ይልካል፤ ባዶውን አይላክም፣ ተሞሽሮ ነው። ፒሺ ቀይ ሳሪ ታለብሰዋለች፣ ወገቡ ላይ ታጥፍለታለች፣ አፍንጫው ላይ ቀለበት፣ ግንባሩ ላይ ነጥብ፣ አፉ ውስጥ አንድ የሚታኘክ የፓን ቅጠል። እንደ ተሽኮረመመች ልጃገረድ ጎኑን አዘንብላ ስታስተኛው ዓሣው ራሱ ያገባ ይመስለዋል። እጇን በሸክላ አፈር ሦስት ጊዜ ታጥባ ወደ ነጭ ሩዟ ትመለሳለች።

የሙሽራው መለከት ከሩቅ ሲሰማ ሥራዋ ያልቃል። «በሉ እንግዲህ» ትልና እቃ ቤት ትገባለች። ባል የሞተባት ሴት ጥላዋ በሙሽሮች ላይ እንዳይወድቅ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው፣ ሲመጡ ቀንጥሺ ትባላለች፣ ሲደርሱ ግቢ ትባላለች። በቆጠረችው መቶ ሃያ ሰባት ዓሣ አልብሳለች። ያየችው ሰርግ ግን አንድም የለም፤ የራሷንም ቢሆን ያየችው የባሏን እግር ነው።

አሁን ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ። አሥር ዓመቴ አካባቢ ከደቡብ ጫፍ፣ ከኬረላ፣ አዲስ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ወደ ካትዋ መጣ። የሩዝ ነጋዴው ልጁን ሲድር ከነሚስቱ ጠራው። ሴትየዋ ያላትን ምርጥ ልብስ ለብሳ መጣች፤ በእነሱ አገር ትልቅ ክብር የሆነውን፣ ጫፉ ወርቅ የሆነ ነጭ ልብስ። እኛ ዘንድ የባለትዳር ምልክት የሆነው ቀይ ዱቄት በፀጉሯ መሃል የለም፣ የዛጎል አምባርም በእጇ የለም። የኛ ሴቶች አንዴ አዩዋት፣ ከንፈራቸውን መጠጡላት፣ በሁለት ክንዷ ይዘው በርኅራኄ እቃ ቤት ከፒሺ ጋር አስገቧት። ባልየው ደጅ ተቀምጦ ስድስተኛ ሮሶጎላውን፣ በስኳር ውኃ የራሰውን ጣፋጭ፣ እየበላ ነበር።

ፒሺ ሴትየዋ ባለትዳር መሆኗ ወዲያው ገብቷታል፤ እግሯ ጣት ላይ የቀለበት ምልክት አይታ ይሁን በሌላ፣ ብቻ ገብቷታል። ግን ቋንቋ የለም። ሴትየዋ ደግሞ የክብር ክፍል ውስጥ ያስገቧት መስሏት ደስ ብሏታል። ሁለቱ ሰርጉ እስኪያልቅ አንድ ቅርጫት የፓን ቅጠል እየጠረጉ ሲሳሳቁ ዋሉ። ኋላ ነገሩ ሲታወቅ የሩዝ ነጋዴው በኀፍረት ሦስት ቀን ሱቁን አልከፈተም። ባልየው ግን፣ «ባለቤቴ ከሁሉ ጥሩ ቦታ ነው የተቀመጥኩት ብላለች» ብሎ ምስጋና ላከ።

በማግስቱ ፒሺ ደብተሬን አስወጣችኝ። «ጻፊ ቡሪ። እንግዳ ሳያውቅ የሚሳሳተው ባለቤቱ ስላልነገረው ነው።» እሷ ፊደል አትለይም፤ የዚያን ጊዜ ግን ደብተሬ ውስጥ ያለውን ሁሉ የምታነብ ይመስል ጣቷን ከመስመር መስመር ትወስድ ነበር። ያጻፈችኝን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ጥቁር ለብሰህ አትምጣ፤ ሐዘን ቤት አይደለም። ሙሉ ቀይ አትልበሺ፤ ቀይ የሙሽሪት ነው፣ አንቺ ቀይሽን ለብሰሽ ጨርሰሻል። ሐር ካለሽ ሐር፣ ከሌለሽ የታጠበ ጥጥ፤ የጎረቤት ሐር ግን ተውሰሽ አትልበሺ፣ ባለቤቲቱም ሰርጉ ላይ አለች። ጫማህን ዳሱ በር ላይ አውልቅ፣ ከአሮጌው ጫማህ የተሻለ አታድርግ፣ ሲመለሱ ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ከሙሽራው ሰዎች በፊት ለመብላት አትቀመጥ። በረድፍ ተቀምጠህ በሙዝ ቅጠል ስትበላ ጎንህ ያለው ሳይጨርስ አትነሣ፤ ጎንህ ያለው የጣቢያው ኃላፊ ከሆነ ትዕግሥት ይኑርህ። ሙሽሪት ስታለቅስ አታባብላት፣ ካላለቀሰች ነው የምትታማው። ስትወጣ «መሄዴ ነው» አትበል፣ «እመጣለሁ» በል።

አራተኛውን ትእዛዝ ገና አልነገርኳችሁም፤ እዚያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ፣ «ነጭ የለበሰች ሴት ሙሽሮች ፊት አትቁም» አለችኝ። ጻፍኩ። «በጨዋ ቋንቋ ይነገራት» አለች። እሱንም ጻፍኩ።

«ፒሺ፣ ይሄ እኮ አንቺንም ነው» አልኳት።

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?» አለች። «ጻፊ ዝም ብለሽ።»

ያ ወረቀት ከቤት ቤት ተገለበጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በካትዋ ሰርግ ያለበት በር ሁሉ ላይ በሙጫ ተለጥፎ ይታይ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ለእኔም የሰርግ ተራ ደረሰ። ሙሽራው ፕሮቦድ ይባላል፣ የቦርዶማን ሰው፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ጆሮው ትልቅ ነበር፣ ሌላው ደህና ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ያሳደገችኝ ሴት ሰርጌን ሳታይ እቃ ቤት ውስጥ ሩዝ ጆንያ ላይ ልትቀመጥ መሆኑ። አባቴን ለመንኩት። አባቴ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ለክርክር አይሆንም። «ደንብ ነው ልጄ፤ እኔ ምን አባቴ ላድርግ» አለና ጋዜጣውን ገለበጠው።

ወደ ራሷ ሄድኩ። ሳሪዬን እያጠፈች ነበር።

«እናቴ አንቺ ነሽ። ሙሽራውን የሚቀበል እናት ነው። የመቀበያውን ብርሃን አንቺ ካልያዝሽው አላገባም» አልኳት።

«እናት ከሆንኩማ ደንቡ እናት የልጇን ሰርግ አታይም ይላል» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ እኛ ዘንድ እንዲያ ነው፣ እናት ሙሽራውን ተቀብላ ትገባለች። «እናት ካልሆንኩ ደግሞ ባልቴት ነኝ፤ አላይም። ሁለተኛውን በር ራሴ ነኝ የዘጋሁት፣ ባንቺው እጅ።»

«ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

«ቅደጂው። እኔ ግን የምፈራው ወረቀቱን አይደለም ቡሪ።» ሳሪውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ዓይኔ ሙሽራሽ ላይ ይወድቅና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰውየው ቢያስነጥስ፣ እኔ ነኝ እላለሁ። አንቺ ትረሺዋለሽ፤ እኔ ሌሊት ሌሊት አስነጥሶ ይሆን እያልኩ ላልተኛ ነው?»

ማየት ትፈልጋለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ፈራች።

ስለዚህ ሙሽራውን እንድትቀበል ማኖራማ ተመረጠች። ማኖራማ ከጎናችን ያለች ባለትዳር ናት። ባሏ ወደ አሳም ሻይ እርሻ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ አንድ ደብዳቤ አልጻፈም። ሞቱ ስላልተሰማ ግን እሷ ባለ ዕድል ሴት ናት፤ በፀጉሯ መሃል ቀዩን ዱቄት እንደ መንገድ አስፋልት ነው የምትደመድመው። ፒሺ አንድ ሳምንት ሙሉ ቅደም ተከተሉን አስጠናቻት። ማኖራማ አንዱን ስትይዝ አንዱን ትጥላለች።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ከቦርዶማን እርዱና ዓሣው መጣ፤ ይዛው የመጣችው የፕሮቦድ ታላቅ አክስት ናት፣ ጎሪ የምትባል፣ አገጯ ከፊቷ ቀድሞ የሚደርስ ሴት። ፒሺ ዓሣዋን አየቻት። ሳሪው ተጣሞ፣ የአፍንጫ ቀለበቱ ዓይኗ ላይ ወጥቶ ነበር። እንግዶቹ ሻይ ሲጠጡ ዓሣዋን ወደ ጓዳ ወስዳ ፈታችና እንደገና አለበሰቻት። «ምስኪን» ስትላት ሰማሁ፣ «እንደ አማት አስመስለውሽ መጡ።»

ጎሪ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበችው። በጥሩ ሥርዓት የተጻፈ ነው፣ የጻፈው ብልህ ሰው መሆን አለበት አለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀስ አለች፤ ከዚያ ወደ ፒሺ ነጭ ሳሪ ዞረች።

«እርስዎ ማንበብ አይችሉም መሰለኝ» አለቻት።

«አልችልም እሜቴ» አለች ፒሺ። «ጥሩ ነገር ተጽፏል ይላሉ።»

ሰዓታችን ላሞች ሲገቡ አቧራው የሚነሣበት ሰዓት ነበር፤ ካህኑ ከመጽሐፉ ቆጥሮ መልካሙ ሰዓት ሃያ ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው ብሏል፣ ካለፈ የሚቀጥለው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እኔ ተኳኩዬ፣ የቡሽ አክሊሌን ደፍቼ፣ እስክጠራ ጓዳ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከጓዳው ወደ እቃ ቤቱ ያለው በር ገርበብ ብሏል። ፒሺ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች። ከበስተኋላዋ ወደ ዳሱ የሚያሳይ ፍርግርግ መስኮት አለ፣ ጆንያ ተሰቅሎበታል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ማንም ሳያያት እንኳ ደንቧን ጠበቀች።

መለከቱ ተነፋ፣ እልልታው ቀለጠ። ፕሮቦድ ገባ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። ማኖራማ ብርሃኑን መያዝ ሲገባት ውኃውን ያዘች፣ ሴቶቹ «እሱ አይደለም»፣ «እሱ ነው» ተባባሉ፣ ካህኑ ሰዓቱን እያየ መማጸን ጀመረ፣ ጎሪ ካትዋ ውስጥ ሰርግ ተደርጎ አያውቅም ወይ ብላ ጠየቀች። ማኖራማ በድንጋጤ ሙሽራውን ክንዱን ይዛ ፊቱን ወደ ውኃ ጉድጓዱ አዙራ አቆመችው። አምባሯ ከዚያ በኩል ሲንቀጫቀጭ ፒሺ ጆሮዋ ቆመ። ጉድጓዱ በደቡብ ነው። ደቡብ የሙታን ጌታ አቅጣጫ ነው።

ስትታገል አየኋት፤ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ያዘች። አልቻለችም።

«ማኖ!» አለች ወደ ግድግዳው። «ሰውየውን ወደ ምሥራቅ አዙሪው። ወደ ደቡብ የሚያዞሩት ሬሳ ነው።»

ከዚያ የጎሪ ድምፅ፣ «ማን ነው የተናገረው?» አለ።

«ማንም አይደለም» አለች ማኖራማ። «እቃ ቤቱ ነው።»

የምትናገረው ማን እንደሆነች፣ ልብሷም ምን እንደሆነ፣ ከቦርዶማን የመጣ ሁሉ ገብቶታል። ሁሉም ካህኑን አዩት። ካህኑ ወፍራም ሰው ነው፣ ጠዋት ጀምሮ ጾሟል፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን መጠበቅ አይፈልግም። ጥላ እንደሚያረክስ በመጽሐፍ አለ፣ ድምፅ ያረክሳል የሚል ግን እኔ አላነበብኩም አለ። ቀጥሎ ጎሪን ሳያይ ወደ መስኮቱ፣ «ቶሎ ቶሎ በይ እትዬ» አለ።

እንዲያ ሆነ። መቶ ሃያ ሰባት ሰርግ ግድግዳ እያየች በጆሮዋ የለመደችውን፣ የእኔን በአፏ መራችው። ብርሃኑን ግንባሩ ላይ አድርሺ፣ ዝቅ አድርጊ፣ አሁን ቅጠሉን፣ ጉንጩን አትግፊው ማኖ በር አይደለም። ፕሮቦድ ራሱ ከሴቶቹ በፊት ይታዘዝ ነበር፤ ተቀመጥ ሲባል ለመቀመጥ ከጅሎ ነበር ይባላል፣ እሷ ግን ያለችው ለማኖራማ ነው።

ተጠራሁ። የአጎቴ ልጆች በዝቅተኛ ዱካ ላይ አስቀምጠው አነሱኝ፣ እኔ ሁለት የፓን ቅጠል ዓይኔ ላይ ይዤ። ሰባት ጊዜ ሙሽራውን ይዞሩታል። አራተኛው ላይ አንዱ ልጅ ሌሎቹን በቤንጋል የቀረ ሮሶጎላ የለም፣ ይቺ በልታዋለች አላቸው። ዱካው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ከእቃ ቤቱ ድምፁ፣ «ቀጥ አድርጓት» ይላል። ሰባተኛው ሲያልቅ ከፊቱ አቆሙኝ። እዚህ ላይ ነው ሙሽሪት ቅጠሏን አውርዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን የምታየው። መልካሙ እይታ ይባላል። የቤቱ ሁሉ ዕድል እዚያች እይታ ላይ ነው፤ ሌላ ነገር አይታይባትም።

ድምፁ እስኪያዝዘኝ ጠበቅሁ። ዝም አለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተነፈስኩ፤ ዝም። ምን ሆነች ብዬ ቅጠሉን አወረድኩ።

ፕሮቦድ ወደ ምሥራቅ ቆሟል፣ እኔ ወደ ምዕራብ ወደ እሱ። ከትከሻው በላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የተሰቀለው ጆንያ በአንድ እጅ ተገልጧል። ፍርግርጉ ውስጥ ፊቷ ነበር። አፏን ከፍታ እንደ ሕፃን ታየኛለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከዚያ ጆንያው ወደቀ። እኔም ባሌን አየሁት። ጆሮው በፎቶው ላይ ካለው ይበልጥ ነበር። ፈገግ አለ፣ እስካሁን እሱን ያየሁ መስሎት።

ለማንም አልተናገርኩም። እሷም አልተናገረችም። ደብዳቤ ግን ታስጽፍልኝ ነበር፣ በወር አንዴ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማኖራማ፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ፣ «ፕሮቦድ ሳል አለው?» የሚል። አንድ ክረምት ጉንፋን ይዞት አለው ብዬ ብጽፍ ባሏን በልታ የምታውቅ ሴት በሁለት ባቡር ቦርዶማን ድረስ መጣች፣ በር ላይ ቆማ ሲያስነጥስ ሰማችው፣ ዝንጅብል አፈላችለት፣ በማግስቱ ተመለሰች። ፕሮቦድ፣ «የሚስቴ አክስት ከናቴ ይበልጥ ነው የምትወደኝ» እያለ ለአስተማሪዎቹ ያወራ ነበር። እየወፈረ ሄደ።

ሰባ ሦስት ዓመት ሲሆናት ስትታመም ወደ ቤቴ አመጣኋት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ ፀጉሯን ሳበጥርላት እጄን ያዘችው።

«ቡሪ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለች። «ሰርግሽን አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም አይቼሻለሁ» አልኳት።

«ከእሱ በፊት?»

«ከእሱ በፊት።»

ፕሮቦድ ደጅ ከዓሣ ሻጩ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ይሄ ዓሣ ትናንት የሞተ ነው፣ ዓይኑን እየው እያለ። ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል። እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«ሃያ አምስት ዓመት በየጾሜ ላይ አንድ ቀን ጨምሬ ጾምኩለት» አለች። «ይሄን ሁሉ ሥጋ ያወጣው በኔ ጾም ነው።»

ሳቅን። እሷ ስትስቅ ሳል ያዛት፣ ውኃ ሰጠኋት። ከዚያ ከልቤ ላውቀው ፈለግሁ።

«እንዴት ነበር ታዲያ፣ ሰርጌ?»

ዓይኗን ጨፍና አሰበች፤ አሁን እያየችው ያለች ይመስል።

«ሳሪሽ ወገብሽ ላይ እጥፉ ትንሽ ወርዷል» አለች። «ከዚያ በቀር አምሮብሽ ነበር።»